ባለ ስንት ኪሎኸርዝ ልግዛ? አልትራሶኒክ ማጽጃ ለመምረጥ

ባለፈው ሳምንት ሞባይል የሚጠግን ወዳጄ በቴሌግራም ሁለት ፎቶ ላከልኝ። ሁለቱም አልትራሶኒክ ማጽጃ ናቸው፤ ውሃ በሞላ ገንዳ ውስጥ ዕቃን በርግብግቢት የሚያጥብ ማሽን። አንደኛው ሁለት ሊትር የሚይዝ፣ በእጅ የሚዞር ቁልፍ ያለው ተራ ነገር ነው። ሁለተኛው ሦስት ሊትር ነው። ዲጂታል፣ ማሞቂያ ያለው፣ ፊቱ ላይ «220 ዋት» የተለጠፈበት። ከሥሩ «የቱ ይሻላል?» ይላል።

«ምን ልታጥብበት ነው?» አልኩት።

«ያው ውሃ የገባበት ቦርድ። አልፎ አልፎ ደግሞ የሚስቴን ወርቅ።»

እኔ የምተዳደረው የላብራቶሪና የክሊኒክ ዕቃ በመጠገን ነው። ይህን ጥያቄ የጥርስ ሐኪም ጠይቆኛል፣ ወርቅ ሠሪ ጠይቆኛል፣ ጋራዥ ያለው ጎረቤቴ ጠይቆኛል፣ አንዴም የኬሚስትሪ መምህር ጠይቆኛል። ሁሉም ከዋትና ከዋጋ ይጀምራሉ። እኔ ከአረፋዋ እጀምራለሁ። ማሽኑ አረፋ ያመርታል፤ ማጽዳቱ የአረፋዋ ሥራ ነው። እሷን ካወቃችኋት የቱ ማሽን እንደሚሆናችሁ፣ ወይም ጭራሽ ማሽን እንደማያስፈልጋችሁ፣ ራሳችሁ ትደርሱበታላችሁ።

አረፋዋ ምን ታደርጋለች?

ገንዳውን ገልብጣችሁ ብትከፍቱት ከሥሩ ትራንስዱሰር የሚባሉ ድቡልቡል ነገሮች ተለጥፈውበታል። ኤሌክትሪክ ሲደርሳቸው፣ በተለመደው ማሽን፣ በሰከንድ 40 ሺህ ጊዜ ይርገበገባሉ። ከላያቸው ያለው ውሃም አብሯቸው ይጨመቃል፣ ይለጠጣል። ሲለጠጥ እዚህም እዚያም ይቀደዳል። በተቀደደበት ቦታ በዓይን የማትለይ አረፋ ትፈጠራለች። ጥቂት ታድጋለች። ከዚያ ግፊቱ ሲመለስ ወደ ውስጥ ትፈርሳለች። ካቪቴሽን የሚባለው ይሄ ነው።

(አማርኛችን ለሳሙና አረፋም ለዚህችም አንድ ቃል ነው ያለው። የሳሙናው እዚህ አይፈለግም። ሲበዛ እንዲያውም ያስቸግራል።)

ስትፈርስ የሚሆነው ነገር ለማመን ይከብዳል። ውስጧ ያለው ጋዝ ለቅጽበት 5,000 ዲግሪ አካባቢ ይደርሳል። የፀሐይ ገጽ ራሱ 5,500 ገደማ ነው። ግፊቱ እኛ ከምንኖርበት አየር በመቶዎች እጥፍ ይሆናል። እንዲህ ከሆነ ውሃው ለምን አይፈላም? አረፋዋ ከአቧራ ስላነሰችና ሁሉም ነገር በማይክሮሰከንዶች ውስጥ ስለሚያልቅ ነው። ሙቀቱ የትም ሳይደርስ ይጠፋል።

ለእጥበት ግን የሚጠቅመን ሌላው ባሕርይዋ ነው። ከጠንካራ ነገር አጠገብ ከሆነች ክብነቷን ጠብቃ አትፈርስም። በጀርባዋ በኩል ትሰረጉድና በመሃሏ ቀጭን የውሃ መርፌ ወደ ዕቃው ትተኩሳለች። ፍጥነቱ በሰከንድ 100 ሜትር ገደማ ነው። ይህን በሺህና በሺህ አባዙት። ቆሻሻውን የሚፍቀው እሱ ነው።

ሰው ይህን ጉድ መጀመሪያ ያወቀው በጥፋቱ ነው። በ1890ዎቹ እ.ኤ.አ. እንግሊዞች ፈጣን የጦር መርከብ ሲሞክሩ የመርከቡ መዘውር (ፕሮፔለር) ውሃውን እየቀደደ ጉልበት ያጣባቸው ነበር። አረፋው የመዘውሩንም ብረት ይቦረቡረዋል። የፊዚክስ ሊቁ ሎርድ ሬይሊ በ1917 የአረፋ አፈራረስን ስሌት ያሳተመው ከዚያ ጣጣ ጋር በተያያዘ ነው። በ1927 ደግሞ ሪቻርድስና ሉሚስ የተባሉ አሜሪካውያን ከጆሯችን በላይ የሆነ ድምፅ ኬሚካዊ ለውጥን እንደሚያፋጥን አሳዩ። ስለዚህ ገንዳው ውስጥ የምታስገቡት ነገር የመርከብ ብረት የሚቦረቡር ጉልበት ፊት እየቀረበ መሆኑን ልብ በሉ። የአያታችሁን ሐብል ስታስገቡ በተለይ።

ድግግሞሹ

ትራንስዱሰሩ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚርገበገብ ነው፤ ነጋዴዎቹ ፍሪኩዌንሲ ይሉታል። አንድ ኪሎኸርዝ በሰከንድ አንድ ሺህ ጊዜ ማለት ነው። ማሽን ስትመርጡ መጀመሪያ ማየት ያለባችሁ ቁጥር ይሄ ነው። ብዙ ጊዜ ከኋላ፣ በትንሹ፣ ገመዱ አጠገብ ተጽፎ ታገኙታላችሁ።

ድግግሞሹ ከፍ ሲል አረፋዋ ለማደግ ጊዜ አታገኝም። ስለዚህ ትንሽ ሆና ትፈርሳለች። በ20 ኪሎኸርዝ ከመሃሏ እስከ ጠርዟ 0.15 ሚሊሜትር ገደማ ናት። በ40 ግማሽ ያህል ትሆናለች። ትልቋ በኃይል ትመታለች፣ ነገር ግን ቁጥሯ ጥቂት ነው፣ ጠባብ ቦታም አትገባም። ትንሿ በልኩ ትመታለች፣ ብዛት አላት፣ ስንጥቅና ቀዳዳ ውስጥ ሁሉ ትደርሳለች።

በቤት ዕቃ ላስረዳ። ከ20 እስከ 28 ኪሎኸርዝ ያለው የድስት ሽቦ ነው። 40 የልብስ ብሩሽ ነው። 80 እና ከዚያ በላይ ያለው የሕፃን የጥርስ ብሩሽ ነው። ከባድ የሞተር ክፍል፣ የተጋገረ ቅባት፣ ቁስል የማይፈራ ብረት ከሆነ ሥራችሁ ዝቅተኛውን ፈልጉ። ጩኸቱ ግን ከባድ ነው። 25 ኪሎኸርዝ ለጆሮ አይሰማም ቢባልም አረፋዎቹ ከእሱ በታች ያለ ድምፅም ስለሚያወጡ ክፍሉን የሚሰነጥቅ ጩኸት ትሰማላችሁ። የጆሮ መሸፈኛ ግዙ፣ ክዳኑንም ዝጉ። የካሜራ ሌንስ፣ እንደ መስታወት የተወለወለ ብረት ወይም ስስ ሽፋን ያለው ነገር ከሆነ ደግሞ 80ን ወይም 130ን ተመልከቱ። ዋጋው ይወጣል። የሲሊከን ቺፕ የሚያመርቱት ፋብሪካዎች እስከ 1 ሜጋኸርዝ (1,000 ኪሎኸርዝ) አካባቢ ይሄዳሉ። እሱ ለእኔና ለእናንተ አይደለም።

አንድ ብቻ የምትገዙ ከሆነ 40 ግዙ። ገበያው ላይ የሞላውም እሱ ነው፣ ለአብዛኛው ሰውም የሚበቃው እሱ ነው።

ዋቱና ፎይሉ

ወዳጄን ያማለለው 220 ዋት እስቲ እንየው። የማሽኑን ጀርባ ፎቶ አስላክሁት። ማሞቂያው 100፣ አልትራሶኒኩ 120 ነው። ደምረው ፊት ለፊት ለጥፈውታል። ውሃ ማፍያ ጭምር ሊሸጡለት ነበር ማለት ነው። አንዳንዶቹ ደግሞ ለቅጽበት የሚደርሰውን ከፍተኛ ኃይል እንደ ዘወትር ኃይል ይጽፉታል።

እውነቱን ለማወቅ ቴርሞሜትር ይበቃል። ሁለት ሊትር ውሃ ሙሉ፣ ማሞቂያውን አጥፉ፣ ሙቀቱን ለኩ። አምስት ደቂቃ አስኪዱትና እንደገና ለኩ። የጨመረውን ዲግሪ በ2,000 አባዙ፣ ውጤቱን በ4.18 አባዙ፣ ከዚያ ለ300 ሰከንድ አካፍሉ። ሦስት ዲግሪ ከጨመረ 84 ዋት ገደማ ወደ ውሃው እየገባ ነው ማለት ነው። ማሽኑ «120» ቢልም 84ቱ ከደረሰ ጥሩ ነው። 30 ከሆነ ገንዘባችሁን ያዙ።

ኃይሉ እንዳለ ብታውቁም በገንዳው ሁሉ መዳረሱን አታውቁም። ለዚህ የፎይል ፈተና አለ። እኔ ሳልሠራው ማሽን ገዝቼም ጠግኜም አላስረክብም።

ወጥ ቤት ያለውን ተራ የአልሙኒየም ፎይል በገንዳው ርዝመት ቁረጡ። ሳይጨማደድ ቀጥ አድርጋችሁ ከላይ በእንጨት ያዙትና ውሃው ውስጥ አንጠልጥሉት። ታችኛውን አይንካ። ሠላሳ ሰከንድ አስኪዱ። መጀመሪያ ፎይሉ እንደ ዝናብ ሲንጣጣ ይሰማችኋል። አውጥታችሁ ወደ መስኮቱ አቅኑት። ጥሩ ማሽን ከሆነ ፊቱ ሁሉ እንደ ብርቱካን ልጣጭ ሸካራ ሆኗል፣ ብርሃን የሚያሳልፉ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ተበታትነውበታል፣ ጠርዙም ተበልቷል። መጥፎ ከሆነ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ተቀዶ ሌላው እንደ አዲስ ያብረቀርቃል። አንደኛው ትራንስዱሰር ሞቷል፣ ወይም መጀመሪያውኑ አንድ ብቻ ነው ያለው።

አንዳንዴ ደግሞ ወደ 18 ሚሊሜትር እየዘለለ አግድም መስመር ታያላችሁ። ቁጥሩ ከየት መጣ ካላችሁ፣ ድምፅ በውሃ ውስጥ በሰከንድ 1,480 ሜትር ገደማ ይሄዳል። ለ40 ሺህ ሲካፈል አንድ ሞገድ 37 ሚሊሜትር ይመጣል። የእሱ ግማሽ ነው። ሞገዱ ከውሃው ፊት እየተመለሰ አንድ ቦታ ቆሟል ማለት ነው። ከመስመሩ ውጭ የተቀመጠ ዕቃ በደንብ አይጸዳም። የተሻሉት ማሽኖች ድግግሞሹን ትንሽ ከፍና ዝቅ የሚያደርግ «ስዊፕ» የሚባል ነገር አላቸው፤ መስመሩን ያጠፋዋል። ዲጂታል ሰዓት ቆጣሪ ያለው ማሽንና ስዊፕ ያለው ማሽን በእኩል ዋጋ ቢቀርቡላችሁ ሳታመነቱ ስዊፑን ውሰዱ። ሰዓት ስልካችሁም ላይ አለ።

ከፈተናው በፊት ውሃውን ብቻውን አሥር ደቂቃ አስኪዱት። ከቧንቧ የመጣ ውሃ አየር ተሸክሟል። አየሩ አረፋዋ ውስጥ ገብቶ እንደ ትራስ ይሆንባትና አፈራረሷን ያለዝበዋል። ውሃ በቀየራችሁ ቁጥር እንዲሁ አድርጉ። ፈተናውን ስትጨርሱም ውሃውን ድፉት፣ የፎይል ብናኝ ቀርቶበታል።

ፎይሉ ሌላም ነገር ያጋልጣል። «አልትራሶኒክ» ተብለው የሚሸጡ፣ ከውስጣቸው የሚንቀጠቀጥ ሞተር ብቻ ያለባቸው ርካሽ ሳጥኖች አሉ። በእነሱ ፎይሉ ምንም አይሆንም። መነጽር ያንቀጠቅጡላችኋል፣ በቃ።

ለሞባይል ቦርድ

እዚህ ጋ ተቀናቃኙ ብሩሽና አይሶፕሮፒል አልኮል ነው። እውነቱን ለመናገር ለብዙ ስልክ ብሩሹ ይበቃል። ውሃ የገባበትን ስልክ የሚገድለው ባትሪው እንደተሰካ መቆየቱ ነው። ቶሎ የተነቀለ ባትሪ ከማንኛውም ማሽን የበለጠ ያድናል። ማሽኑ የሚያሸንፈው ዝገቱ ከብረት ክዳኑ ሥርና ከቺፑ ሆድ ሥር ሲገባ ነው። አረንጓዴዋ ነገር እዚያ ከተደበቀች ብሩሽ አይደርስባትም።

አደጋም አለው። በስልክና በሰዓት ውስጥ ሰዓት የምትቆጥር ትንሽ ክሪስታል አለች፤ በሰከንድ 32,768 ጊዜ ትርገበገባለች። 32.7 ለ40 ቅርብ ነው። የማሽኑ መንቀጥቀጥ እሷንም አብሮ ሊያስጨፍራትና ሊሰብራት ይችላል። ስልኩ መዞሩን የሚያውቅበት ጋይሮስኮፕና የማይክሮፎኑ ስስ ቆዳም ተመሳሳይ ስጋት አለባቸው። ካሜራ፣ ማይክ፣ ስፒከር፣ ስክሪን ሁሉ ይውጣ። ቦርዱ ብቻውን ይግባ። ሁለት ሦስት ደቂቃ፣ ከዚያ ማየት፣ ካስፈለገ መድገም። አሥራ አምስት ደቂቃ ሞልቶ ምሳ መሄድ አይደለም። ከወጣ በኋላ በተጣራ ውሃ፣ ቀጥሎ በአልኮል ይታጠብ፣ በደንብ ይድረቅ።

አልኮሉን ገንዳው ውስጥ የሚሞሉ ልጆች አይቻለሁ። ይሄ እሳት መጫወት ነው። ገንዳው ይሞቃል፣ አልኮሉ ይተናል፣ ከሥሩ ኤሌክትሪክ አለ። ቤንዚንና ቲነርም እንደዚያው። ገንዳው ውስጥ የሚገባው ውሃና ለዚሁ የተሠራ ማጽጃ ነው።

ለወርቅና ለጌጥ

ፒያሳ ወርቅ ቤቶች የሚያውቁት ነገር ነው። ቀለበት ከድንጋዩ ሥር የሚሰበስበው የሳሙና፣ የክሬምና የእጅ ቅባት ከመርፌ ጫፍ ጠባብ ቦታ ላይ ነው የሚደርቀው። ብሩሽ ፊቱን ያብሳል እንጂ ከሥር አይገባም። 40 ኪሎኸርዝ፣ ለብ ያለ ውሃ፣ ጥቂት ጠብታ የዕቃ ሳሙና፣ ሦስት ደቂቃ። ከጉድጓዱ ውስጥ እንደ ጭስ እየተንቦለቦለ ሲወጣ ታዩታላችሁ። ድንጋይ የሌለው ወርቅና በደንብ የተያዘ አልማዝ ምንም አይሆኑም። ከማስገባታችሁ በፊት ግን ቀለበቱን ጆሯችሁ ሥር አንኳኩት። ከተንኳኳ ድንጋዩ ላልቷል፣ ገንዳው ውስጥ ይወድቃል።

አሁን ወደ ራሴ ጥፋት ልምጣ። እህቴ የወሎ ኦፓል ያለው የብር ቀለበት አላት። ከወገል ጤና የወጣ፣ ሲዞር አረንጓዴና ብርቱካንማ እሳት የሚረጭ። «አንተ ማሽን አለህ አይደል፣ እጠብልኝ» አለችኝ። ያኔ ብረት እንጂ ድንጋይ አላውቅም ነበር። ሦስት ደቂቃ አስገባሁት። ሳወጣው እሳቱ የለም። ድንጋዩ እንደ እርጥብ ጠርሙስ ስብርባሪ ወለል ብሎ ያሳያል።

የወሎ ኦፓል ብዙው ውሃ ይጠጣል። ጥቃቅን ቀዳዳዎቹ ውሃ ሲሞሉ ድንጋዩ ግልጽ ይሆናል፣ የቀለሙም ጨዋታ ይጠፋል። በቀናት ውስጥ ሲደርቅ ቀለሙ ተመለሰ። ከጠርዙ የጀመረችው የፀጉር ያህል ስንጥቅ ግን አልተመለሰችም። እህቴ ዛሬም ቀለበቱን ስታደርግ ስንጥቁን ወደ እኔ አዙራ ነው።

ኦፓል አታስገቡ። አረንጓዴውን ድንጋይ ኤመራልድንም አታስገቡ። የሻኪሶም ይሁን የኮሎምቢያ፣ ኤመራልድ በተፈጥሮው ስንጥቅ የበዛበት ነው፣ ስንጥቁንም ብዙ ጊዜ በዘይት ይሞሉታል። አረፋዋ ዘይቱን አውጥታ ድንጋዩን ታዳክመዋለች። ሉል፣ ዛጎል፣ ቱርኩዊዝ፣ አምበር ሁሉም በለስላሳ ብሩሽና ለብ ባለ ውሃ ብቻ። እንፋሎት የሚረጨው የወርቅ ሠሪ ማሽን ለእነዚህ አማራጭ አይሆንም፤ ሙቀቱ ራሱ ጠላታቸው ነው። ለድንጋይ አልባ ወርቅ ግን እንፋሎቱ ከገንዳው በኋላ ግሩም ማጠናቀቂያ ነው።

የጠቆረ ብር ይዘው የሚመጡም አሉ። ጥቁረቱ ላዩ ላይ የተለጠፈ ቆሻሻ አይደለም። ብሩ ራሱ ከድኝ ጋር ተዋህዶ የተለወጠው ነው። አረፋዋ የተጣበቀ ታላቅቃለች፣ የተለወጠ አትመልስም። ለዚያ ኬሚካል ወይም ማወልወያ ያስፈልጋል። የድሮ የብር መስቀል ከሆነ ደግሞ በቅርጹ ጎድጓዳ ውስጥ የተቀመጠው ጥቁረት ውበቱ ነው፣ ተዉት። ዝገትም ላይ ያው ነው፤ ያለ አሲድ ማሽኑ ብቻውን የዛገ ብሎን አያነጣም።

ለጋራዥ

ጎረቤቴ ካርቡራተር በቤንዚን ነው የሚያጥበው። ቆርቆሮ፣ ብሩሽ፣ ኮምፕሬሰር። ርካሽ ነው፣ ፈጣን ነው፣ ለውጭው ገጽ ይበቃል። ውስጥ ያሉት የመርፌ ቀዳዳ መስመሮች ሲዘጉ ግን ቤንዚኑ ያለፈበት ይመስለዋል እንጂ አያልፍም። ማሽኑ የሚገባው እዚህ ነው። ፈታትታችሁ፣ ላስቲኩን አውጥታችሁ፣ ከ25 እስከ 40 ኪሎኸርዝ፣ ከአሥር እስከ ሃያ ደቂቃ በ60 ዲግሪ ውሃ።

ጥንቃቄው ማጽጃው ላይ ነው። ካርቡራተር አብዛኛውን ጊዜ አልሙኒየምና ዚንክ ነው። ኮስቲክ ሶዳ ያለበት ኃይለኛ ማጽጃ ለብረት ሆኖ ለአልሙኒየም አይሆንም። ያጠቁረዋል፣ ይበላዋል፣ ሲበላውም ሃይድሮጅን ጋዝ ያወጣል። ለአልሙኒየም የሚሆን መሆኑ የተጻፈበትን ብቻ ግዙ።

ነዳጅ የሚረጨው ኢንጀክተር ሌላ ነገር ነው። ተዘግቶ ከተነከረ ውጭው ብቻ ይታጠባል። እየተነከረ በኤሌክትሪክ እንዲከፈትና እንዲዘጋ የሚያደርግ መቆጣጠሪያ ያለው ማሽን ያስፈልጋል። ከዚያም የረጨውን መጠን ጎን ለጎን የሚለካ መፈተሻ። ያለ መፈተሻ «ጸድቷል» ማለት ግምት ነው። የሞተር ብሎክና ሌላ ትልቅ ዕቃ ለማጠብ ትልቅ ገንዳ ልግዛ ካላችሁኝ አልመክርም። በዚያ ገንዘብ ጥሩ የግፊት ውሃ ማጠቢያ ይገኛል።

ለክሊኒክ

አጭር ነው፣ ግን ስህተቱ የሰው ጤና ነው። ማሽኑ ያጸዳል፣ ጀርም አይገድልም። ከእሱ በኋላ ኦቶክሌቭ፣ በእንፋሎት ጀርም የሚገድለው ማሽን፣ የግድ ነው። ጥቅሙ ነርሷ ስለታም መሣሪያ በእጇ እንዳትፈትግ ማዳኑ ነው። መቀሱ ተከፍቶ ይግባ። ክዳኑ ይዘጋ፣ የሚረጨው ጠብታ ደም አለበት። ስቴይንለስና አልሙኒየም አንድ ላይ አይግቡ። የጥርስ መቦርቦሪያ እጀታ ጭራሽ አይግባ።

ሙቀቱ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ደም ያለበትን ልብስ እናቶቻችን በቀዝቃዛ ውሃ ነው የሚያጥቡት፣ ሙቅ ካገኘ ይጋገራል። እዚህም ያው። ደም ላለበት መሣሪያ ኤንዛይም ያለው ማጽጃ፣ ከ45 ዲግሪ ያልበለጠ። ለቅባት ደግሞ ከ50 እስከ 60 ጥሩ ነው። ከዚያ ማለፍ አይጠቅምም። ውሃው ወደ መፍላቱ ሲቃረብ አረፋዋ በእንፋሎት ትሞላና አፈራረሷ ይለዝባል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። የፋብሪካው መመሪያ «እስከ 80 ይሞቃል» ስላለ ብቻ 80 አታድርጉት።

ለኬሚስትሪ

መምህሩ የጠየቀኝ ይህን ነበር፤ ያገለገለ የምግብ ዘይት ወደ ባዮዲዝል፣ ማለትም ወደ ናፍጣ ምትክ፣ ለመቀየር ለተማሪዎቹ ማሳየት ፈልጓል። ይሄው የአልትራሶኒክ ማጽጃ ገንዳ ይሆናል ወይ?

እዚህ ምርጫው ከአንድ ጥያቄ ይነሳል። አረፋዋን የምትፈልጓት ለማደባለቅ ነው ወይስ ሞለኪውል ለመስበር?

ዘይትና ሜታኖል አይዋሃዱም። ሁለት ንጣፍ ሆነው ይቆማሉ። የኬሚካሉ ለውጥ የሚካሄደው በሚነካኩበት ድንበር ላይ ነው። በተለመደው መንገድ 60 ዲግሪ ላይ አንድ ሰዓት ገደማ ታማስላላችሁ። አልትራሶኒክ ሁለቱን እንደ ወተት አድርጎ ስለሚበታትናቸው ድንበሩ እጅግ ይሰፋል፣ ሰዓቱ ወደ ደቂቃዎች ይወርዳል። ይሄ የጉልበት ሥራ ስለሆነ ዝቅተኛው ድግግሞሽ፣ 20 ኪሎኸርዝ፣ ይመረጣል። ገንዳ ሳይሆን ፕሮብ፤ ጫፉ ፈሳሹ ውስጥ የሚጠልቅ የታይታኒየም ዘንግ። ገንዳው ኃይሉን በሰፊው ይበትናል፣ ዘንጉ አንድ ጫፍ ላይ ያከማቸዋል። ልዩነቱ የጭራሮ እሳትና የብየዳ ነበልባል ያህል ነው።

ፕሮቡ ጣጣ አለው። ጫፉን ራሷ አረፋዋ ትበላዋለች። ፈሳሻችሁ ውስጥ ግራጫ የታይታኒየም ብናኝ ይቀራል፣ ጫፉም ሲጎደጉድ መቀየር አለበት። ቶሎም ያሞቃል። ስለዚህ ፈሳሹ ያለበት ብርጭቆ፣ ቢከሩ፣ በረዶ ውስጥ ይቀመጣል፣ ማሽኑም እያረፈ ይሠራል። ሜታኖል ሲኖር ደግሞ መርዙም እሳቱም አለ፤ ጭስ የሚስብ ሳጥን ከሌለ አይጀመርም። ከዕፅዋት ቅመም ወይም ቀለም ማውጣት ብቻ ከሆነ የምትፈልጉት ተራው 40 ኪሎኸርዝ ገንዳ በቢከር ውስጥ ጥሩ ይሠራል። ቢከሩን ግን ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ አስቀምጡት። ሁለት ጣት ብታንቀሳቅሱት ውጤቱ ይለወጣል። ፎይሉን አስታውሱ።

ሞለኪውል መስበር ሌላ ዓለም ነው። በአረፋዋ እሳት ውሃ ራሱ ይሰበራል፣ ሃይድሮክሲል የሚባሉ ቁጡ ቁርጥራጮች ይወጣሉ። እነሱ የጨርቅ ማቅለሚያን ሁሉ ይበጣጥሳሉ። ለዚህ ከ200 እስከ 600 ኪሎኸርዝ ያለው ነው የሚያዋጣው። የ20ው ዘንግ በጉልበት እንጂ በዚህ አይመረጥም። በላብራቶሪ ያምራል። የፋብሪካ ፍሳሽ በዚህ ላጣራ ለሚል ግን የመብራት ሒሳቡን አስቀድሞ እንዲሠራ እነግረዋለሁ፤ ክሎሪንና ኦዞን ገና በዋጋ ይረቱታል።

ብዛት ካለ ደግሞ ድምፅ የማያስፈልገው መንገድ አለ። ፈሳሹን በፓምፕ ጠባብ ቀዳዳ ውስጥ ማሳለፍ። ፍጥነቱ ሲጨምር ግፊቱ ይወርዳል፣ አረፋው በራሱ ይፈጠራል፣ ሲወጣ ይፈርሳል። ኃይሉ ከፕሮቡ ይለዝባል፣ ግን በበርሜል ለሚሠራ ሰው መብራቱም ጥገናውም ይቀላል። የሚበላሽ ቢኖር ፓምፕ ነው፣ ፓምፕ ደግሞ የሚጠግን አይጠፋም።

ለመምህሩ የነገርኩት ግን፣ ለማሳያ ከሆነ ማማሰያ ሞተር ይበቃሃል ነው። ደስ አላለውም።

ሱቅ ስትገቡ

ቮልቱን እዩ። አሜሪካ ያለ ዘመድ የሚልከው ማሽን ብዙ ጊዜ 110 ቮልት ነው። ያለ ትራንስፎርመር የተሰካ ዕለት ወደ እኔ ጠረጴዛ ይመጣል። ማፍሰሻ ቧንቧ ያለው ይሻላል፤ ሦስት ሊትር ቆሻሻ ውሃ ገልብጦ መድፋት ውሎ አድሮ መቆጣጠሪያውን ያረጥባል። ቅርጫት የግድ ነው። ዕቃ ገንዳው ሥር ላይ ከተጋደመ መንቀጥቀጡን ያፍናል፣ ብረቱንም ይፍቃል። ባዶ ገንዳ በፍጹም አይነሳ። ጣት አይግባ።

ወዳጄ በመጨረሻ ፎይል ጠቅልሎ ኪሱ ከትቶ ሄደ። ሻጩ «ምን ልትጠብስ ነው?» ብሎት ሳቁ። ዲጂታሉ ላይ መሃሉ ብቻ ተበላ። ቁልፉ የሚዞረው፣ ሁለት ሊትሩ፣ ፎይሉን ወንፊት አደረገው። እሱን ገዛ።

ማታ ሦስተኛ ፎቶ ደረሰኝ። የሚስቱ ቀለበት ነው፣ መሃሉ ላይ አረንጓዴ ድንጋይ አለው። «ይሄስ?» ይላል።

«በብሩሽ» ብዬ መለስኩለት።